የእሜቴ መተንፈሻ

ደብረ ታቦር ውስጥ ሽበት ያለውን ሰው «አንተ» ብሎ የጠራ፣ ልጅ ከሆነ ይቆነጠጣል፤ ጎልማሳ ከሆነ ደግሞ ሌላ ወሬ እስኪገኝ ድረስ በየቡና ቤቱ ይታማል። ፀጉር አስተካካዩ ፈንታሁን ይህን የአገር ደንብ ከማንም በላይ ያከብራል። እንዲያውም ከልክ አሳልፎ መኪናውን ሳይቀር አንቱ ይላል።

«እሜቴ፣ እንዴት አደሩ? ብርዱ በረታብዎ ይሆን?» እያለ ጧት ጧት ኮፈኗን በጋቢው ጫፍ ይወለውላል። አላፊ አግዳሚው መጀመሪያ ይስቅ ነበር፤ አሁን ግን ከመልመዱ የተነሣ አብሮ ደኅንነቷን ይጠይቃል።

እሜቴ ጣሊያን ሠራሽ ናት፤ ትንሽ፣ ድቡልቡል፣ ከጎን ሲያዩዋት የተደፋ ድስት የምትመስል። ከሟች አጎቱ የወረሳት ናት። ሽማግሌዎች እንደሚሉት አስፋልት ወደ ከተማው የገባ ዕለት መንገድ ዳር ቆማ እልል ብላ ተቀብላዋለች። ሊብሬዋ ላይ ቀለሟ ሰማያዊ እንደሆነ ተጽፏል፤ ይህን የሚያምን ግን የለም፤ ዝናቡ፣ ፀሐዩና የሠፈሩ ፍየሎች ተባብረው ልሰው ጨርሰውታል። በሮቿ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው አይከፈትም፣ ሌላው አይዘጋም። ፈንታሁን ግን ለሠርግ ኪራይ የሚመጡትን አዳዲስ መኪኖች እያየ «እነዚህ ሕፃናት» ይላል።

ራሱ ፈንታሁን ለጢም ማበጃ ምላጭ ባነሣ ቁጥር ወሬ የሚያነሣ ሰው ነው። የጉንጭ ግማሽ ተላጭቶ ግማሹ ሳይላጭ ስለ ሩቅ አገር ጦርነት የሚተነትንላቸው ደንበኞች አሉት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የእሱ ሱቅ ሁለቱም በአንድ ወንበር ላይ የሚፈጸሙበት ቦታ ነው። ዕድሜው ወደ ሃምሳ ቢጠጋም ቤቱ ሴት አልገባችበትም። ሰው ሲጠይቀው «እሜቴ አሉ አይደል» እያለ ያልፈው ነበር፤ ማስተዋልን እስኪያገኛት ድረስ።

ማስተዋል በጉና ተራራ ግርጌ ባለችው ገሳይ ውስጥ ወፍጮ ቤት ያላት፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ፈንታሁን ለሌላ ሰው ለቅሶ ወደዚያ ሲሄድ እሜቴ ልክ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቀጥ አለች። ወርዶ ኮፈኗን እየደባበሰ «እሜቴ፣ በሰው አገር አያዋርዱኝ» ሲል ማስተዋል ሰማችው። እስከ ቅንድቧ ዱቄት ለብሳ ቆማ ስለነበር ስትስቅ የተነሣው ነጭ አቧራ ጉም መስሎ መንገዱን ሸፈነው፤ አንድ አህያ ጠፍቶ እስከ ማታ ተፈልጓል ይባላል። ከዚያ ወዲህ ፈንታሁን በገሳይ ገበያ ቀን ወንበሩንና መቀሱን ጭኖ እየወጣ ፀጉር ይቆርጣል። ወደ ቤቱ ሲመለስም ማስተዋል ከአባቷ ላሞች የተናጠ ለጋ ቅቤ በቅጠል ጠቅልላ፣ አባቷ ሳያዩ፣ በማይዘጋው በር ታቀብለዋለች።

አባትዮው አቶ ሙላቴ ከገሳይ ወጣ ብለው የሚኖሩ ገብስ አራሽና ከብት አርቢ ናቸው። ጾም አጥባቂ፣ ቃል አጥባቂ፣ አጥርም አጥባቂ። ከደብረ ታቦር አንድ ፀጉር አስተካካይ ሽማግሌ ሊልክባቸው እንደሆነ ሲሰሙ ከንፈራቸውን ጣሉ።

«የፀጉር ቆራጭ ምላስ ከመቀሱ ይፈጥናል» አሉ። «ቅቤ አንጓች ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። መኪና አለኝም ይላል አሉ። ካለው ሽማግሌዎቹን በመኪናው ያምጣቸው፤ ያውም በማለዳ፣ ከብቶቼ ከበረት ሳይወጡ። በቀትር የሚመጣ ሽማግሌ የመጣው ለምሳ ነው።»

ነገሩ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የተንጠለጠለው። ማስተዋል ሙሉ ሰው ናት፤ ወፍጮዋን የምታዝ፣ ለማንም የማትጎነበስ። ያለ አባቷ ምርቃት ግን ጎጆ አልቀልስም ብላለች። ምርቃቱ ያለው አቶ ሙላቴ አፍ ውስጥ፣ የአቶ ሙላቴ አፍ የሚከፈተው በማለዳ፣ ማለዳ ደግሞ እሜቴ የማትወደው ሰዓት ነው።

ጊዜው ታኅሣሥ፣ የነቢያት ጾም ነበር። ሠርግ ለጥር እንዲደርስ ሽማግሌ የሚላከው በዚህ ወቅት ነው። ሽማግሌ ሆነው የተመረጡት መሪጌታ ይሻውና የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ሐሰን ናቸው፤ አንደኛው በቅኔ፣ ሌላው በክርክር የማይረቱ። እሑድ መሪጌታ ከማኅሌት አይቀሩም፣ ዓርብ ሐጂ ከጁምዓ አይቀሩም፣ ስለዚህ ቀኑ ሐሙስ ሆነ።

በመጀመሪያው ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ተነሡ። እሜቴ ከተማውን እየተንጎራደደች ወጣች፤ ፈንታሁንም ሽማግሌዎቹን ዞር እያለ እያየ «ሰማችሁ ድምፃቸውን?» ይል ነበር። የጉናን ግርጌ ይዞ የሚወጣው ዳገት ሲጀምር ግን ስቅ አላት። ደግሞ ስቅ አላት። ከዚያ በመንገዱ መሐል እንደ ሰነፍ በሬ ተኛች። የማስነሻ ብረቷ ማኖቬላው ተሽከረከረ፣ ተገፋች፣ ተለመነች፤ ወይ ፍንክች። ረፋዱ ላይ ፀሐይ ጀርባዋን ሲመታት ማንም ምንም ሳያደርጋት በራሷ ጊዜ ተነሣች። አቶ ሙላቴ ደጅ ሲደርሱ በረቱ ባዶ ነው። ከአጥሩ ጀርባ አንድ ድምፅ «ከብቶቹ ሄደዋል። ሙላቴም አብሮ ሄዷል በሏቸው» አለ። ድምፁ የራሳቸው የአቶ ሙላቴ ነበር። ለሚቀጥለው ሐሙስ ቀጠሮ ሰጡ፤ ይህንንም ከአጥሩ ጀርባ ሆነው ነው።

ደብረ ታቦር ውስጥ ካርቡሬተር አይተው የማያውቁ ሰዎች ስለ ካርቡሬተር የሚሰጡት ምክር ከጣና ውኃ ይበዛል። አንዱ ቡዳ በልቷታል አለ። አንዱ ከፍታው ነው፣ ጉና ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሰው እንኳ ያዛጋል አለ። ሌላው ደግሞ መኪና አንቱ ሲሏት ትቀብጣለች፣ አንድ ቀን አንቺ ብለህ በእርግጫ በላት ብሎ መከረው፤ ለዚህኛው ሰው ፈንታሁን ከዚያ ወዲህ ጢሙን አልላጨለትም።

መካኒኩ አብዱልቃድር ብቻ ምንም አላለም። አብዱልቃድር ሲፈጥረው ቃል ቆጣቢ ነው። በወጣትነቱ የአንድ ጭነት መኪና ማኖቬላ ተመልሶ አፉን ሲመታው የፊት ጥርሶቹን ይዞበት ከሄደ በኋላ ደግሞ ጭራሽ ንግግር ወጪ ይመስለዋል። ካንዴላዎቹን ፈትቶ አየ፤ ደኅና ናቸው። የነዳጅ ማጣሪያውን አራገፈ፤ ንጹሕ ነው። ፓምፑን ነካካ፤ ይረጫል። መጨረሻ ላይ ካርቡሬተሩን ከፍቶ ጎንበስ አለ። ካርቡሬተሩ ሆድ ውስጥ ነዳጅ የሚጠራቀምባት ትንሽ ጽዋ አለች፤ ጽዋዋ አየር የምታገኝበት ቀጭን ቱቦ አላት፤ ቱቦው ጫፍ ላይ ደግሞ ከአተር ክክ የማትበልጥ ክዳን አለች። ክዳኗ በጥላሸት ተጣብቃ፣ ካልሞቀች በቀር አልከፈትም ብላለች።

«እሜቴ ነዳጅ አልጎደላቸውም» አለ አብዱልቃድር፤ አንቱታው ተላላፊ ነው። «ትንፋሽ ነው ያጠራቸው።»

ፈንታሁን ስላልገባው አብዱልቃድር አንድ ጀሪካን ዘይት አምጥቶ አሳየው። ጀሪካን አየር ካልገባለት፣ አፉ ተደፍቶም ሆዱ ያለውን አይሰጥም፤ ይንገጫገጫል፣ ይቆማል። እሜቴም እንደዚያ ናት። መተንፈሻው ሲዘጋ ነዳጁ እያለ ሞተሩ ይራባል፤ ዳገት ላይ ብዙ ስለሚጠይቅ ደግሞ እዚያ ይብስበታል። ይህን ሁሉ ያስረዳው በሁለት ቃልና በብዙ የእጅ ምልክት ነው። ክዳኗን ጠርጎ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ እስክትርገበገብ ድረስ አለዘባት። ይፋግ አቅራቢያ የተበላሸ የጭነት መኪና ይጠብቀው ነበርና ዕቃውን ሰብስቦ ሲወጣ፣ በሩ ላይ ቆም አለና አንድ ነገር አለ።

«በየማታው ቅባት አስነካት።»

ሄደ። ቃል የሚቆጥብ ሰው ጉዳቱ ይሄ ነው።

አብዱልቃድር «ቅባት» ሲል በልቡ የነበረው፣ ኪሱ ውስጥ በመድኃኒት ብልቃጥ የሚይዘው ቀጭን የስፌት መኪና ዘይት ነው። ፈንታሁን ግን ፀጉር አስተካካይ ነው። ሱቁ ገብቶ መደርደሪያውን ቃኘ። አንድ የፀጉር ቅባት አለ፤ እሱን ራሱ ያውቀዋል፣ የተቀቡት ሁሉ ፎረፎር ይዟቸው ተመልሰዋል። ከእሱ ጎን የማስተዋል ለጋ ቅቤ ተቀምጧል፤ ጾም ስለሆነ የሚበላው አጥቶ ቢጫ ሆኖ ያበራል። ፈንታሁን ብዙ አላሰበም። ሰው ራሱን ሲያመው ቅቤ ይቀባል፤ ቆዳ ሲደርቅ ቅቤ ይቀባል፤ ልጅ ሲወለድ ቅቤ ይልሳል። እሜቴን የምታክል ባልቴት፣ ያውም ትንፋሽ ያጠራት፣ ከቅቤ ሌላ ምን ይገባታል?

በየማታው ማበጠሪያውን በጥርስ ይዞ፣ በጣቱ ጫፍ ቅቤውን እየነካ «ይማርዎ እሜቴ» እያለ መተንፈሻዋን ይቀባት ጀመር።

በሁለተኛው ሐሙስ እሜቴ ዳገቱን እንኳ አልደረሰችም፤ ገና ሜዳው ላይ ስቅታዋ ተነሣ። ሽማግሌዎቹ ሰዓቱ ሲያልፍባቸው ፈንታሁንን ከእሜቴ ጋር ትተው በግ የጫነ አይሱዙ አስቁመው ከኋላ ወጡ። መሪጌታ ጥምጥማቸውን አንድ ሙክት እያኘከባቸው፣ ሐጂ ሐሰን አስማቸው ተነሥቶ እያፏጨባቸው ገሳይ ገቡ። አቶ ሙላቴ ደጃቸው ላይ ቆመው ሽማግሌ ከበግ መሐል ሲወርድ ተመለከቱ።

ሐጂ በኋላ ለፈንታሁን እንደነገሩት፣ ሰውየው በጎቹን አንድ በአንድ ካዩ በኋላ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ ሙሽራው የትኛው ነው አሏቸው። ከዚያ በኋላ ፊታቸው ጠቆረ። መኪናውን ላየው ነው እንጂ በግ ልገዛ አልጠራኋችሁም፤ ሦስተኛው ሐሙስ የመጨረሻው ነው፤ ከዚያ በኋላ በዚህ ነገር ደጄን የሚረግጥ ቢኖር ውሻዬን እፈታለሁ ብለው ሸኟቸው።

ያን ቀን ከሰዓት ማስተዋል ደወለች። ከኋላዋ ወፍጮው ያጓራል።

«ስማኝ አንተ ሰው። አባቴ እንቢ ካለ እንቢታውን ጉና አናት ላይ ነው የሚተክለው፤ ማንም ወጥቶ አይነቅለውም። እኔም ያለ እሱ ምርቃት አልመጣም። እባክህ ያቺን አሮጊት በጊዜ አምጣት።»

ፈንታሁንን ግን አመሉ ቀደመው። «አምጣቸው በይ» አላት።

ስልኩ ተዘጋ።

እንግዲህ ያን ሳምንት ፈንታሁን እንቅልፍ አጣ። የሰው ጆሮ ጫፍ እስኪቆርጥ ደረሰ፤ አንድ ደንበኛውን በአንድ ወገን ባለ ጎፈሬ፣ በሌላው ወገን ራሰ በራ አድርጎ ላከው፤ የሚገርመው ሰውየው ፋሽን መስሎት አመስግኖ መሄዱ ነው። ስለ ጦርነትም መተንተን ተወ። የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ብቻ ነበር፤ የቅቤውን መጠን ጨመረ። በማታ ብቻ ይደረግ የነበረው ቅብ ጧትም ተጨመረበት፤ በጣት ጫፍ የነበረው ወደ ማንኪያ አደገ። ረቡዕ ማታ እሜቴ ለጥምቀት የተዘጋጀች ኮረዳ መሰለች።

ደግነቱ አብዱልቃድር ያን ማታ ከይፋግ ተመልሶ ነበር። መኪናዋ ዳግመኛ መተኛቷን ሲሰማ ጭንቅላቱን ነቅንቆ አብሬ እሄዳለሁ አለ።

በሦስተኛው ሐሙስ ሌሊቱ ውርጭ ጥሎ ስለነበር የገብሱ ማሳ ገለባ ጨው የተበተነበት መስሏል። በአገሩ ወግ ሽማግሌ የላከ ሰው ራሱ አብሮ አይሄድም፤ ነውር ነው። ፈንታሁን ግን ሹፌሩም እሱ፣ የመኪናዋን ጠባይ የሚችለውም እሱ ነው። ስለዚህ እንደ ቀድሞው ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ «ሹፌሩ» ተብሎ እንዲታለፍ፣ ደጅ ሲደርሱም ከመሪው ጀርባ እንዲቀበር ተስማሙ። ዳገቱ ተጀመረ። ስቅ አላት። መሪጌታ ጸሎት ጀመሩ። ሐጂም ጀመሩ። ሁለቱም ጸሎቶች ተገናኝተው ሳይጨርሱ እሜቴ ተኛች።

አብዱልቃድር ወርዶ ኮፈኗን ከፈተ። ያቺው ክዳን ነች። በካቻቢቴ ጫፍ ነካት፤ አልነቃነቅ አለች። በቀጭን ሽቦ ሞከረ፤ ሽቦው ገብቶ ቆመ። ግራ ገባው። እጁ በውርጩ ደንዝዞ ስለነበር የሚዳስሰውን አያውቅም። ቱቦው ከታች በኩል በኃይል ቢነፋ ክዳኗ ትላቀቃለች አለ። ራሱ ሊነፋ አፉን ቢደቅን ጥርስ በሌለበት በኩል ፉጨት ብቻ ወጣ፤ ከሩቅ አንድ ውሻ መለሰለት። ሐጂ አስም አለባቸው። ፈንታሁን በፍርሃት እንኳንስ ለቱቦ ለራሱም የሚሆን ትንፋሽ የለውም። ሁሉም ቀስ ብለው ወደ መሪጌታ ዞሩ።

መሪጌታ ይሻው ሲያዜሙ ከደብራቸው እስከ ጋፋት ይሰማል የሚባልላቸው ሰው ናቸው። ነጠላቸውን ወደ ኋላ አጣፉ፣ ጎንበስ አሉ፣ ቱቦዋን በከንፈራቸው ያዙና ሰማይና ምድር እንዲሰማ አድርገው ነፉ። ጰቅ የሚል ድምፅ ወጣ። መሪጌታ ቀና አሉ። ዓይናቸው ተጨፍኗል፣ ጢማቸው ያብረቀርቃል። አብዱልቃድር ቤንዚን የጠጡ መስሎት ሊደግፋቸው ተጠጋ። መሪጌታ ግን በዝግታ፣ በጣም በዝግታ፣ ከንፈራቸውን ላሱ።

«ፈንታሁን» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«አቤት የኔታ።»

«ይህ ቅቤ ነው።»

ጉና ራሱ ጆሮውን ያቆመ መሰለ።

«ለጋ ነው» ቀጠሉ መሪጌታ፤ ጾሙ ከገባ ጀምሮ ቅባት ያልነካው ምላሳቸው እንደ ሽማግሌ ዳኛ እያመዛዘነ። «ጨው አልነካውም። ላሟም የሜዳ ላም አይደለችም፤ የደጋ ገለባ የበላች ናት።»

አብዱልቃድር ጣቱን ወደ መተንፈሻው ሰደደ፣ አወጣ፣ አሸተተ። ከዚያ ፈንታሁንን አየው። በሕይወቱ ረጅሙን ንግግር ያደረገው ያን ጊዜ ነው። «ቅባት አልኩህ» አለ። «የስፌት መኪና ዘይት። ቅባት።»

«ቅቤ ታዲያ ቅባት አይደለም እንዴ?» አለ ፈንታሁን በቀጭን ድምፅ።

አብዱልቃድር መልስ ሊሰጥ አፉን ከፍቶ፣ የዓመቱን ቃል መጨረሱ ትዝ አለው መሰል ዘጋው። በእጁ አስረዳ፦ ሞተሩ ቢግልም ካርቡሬተሩ ቀዝቃዛውን ነፋስ እየሳበ ይበርዳል፤ ሲበርድ ቅቤው ይረጋል፤ ሲረጋ ክዳኗ ትታሸጋለች። መኪናዋ ቆማ ፀሐይ ሲነካት፣ የሞተሩም ሙቀት ወደ ላይ ሲወጣ፣ ቅቤው ይቀልጣል፣ እሜቴም ትነሣለች። ሐጂ ሐሰን ሳቅና አስም በአንድ ጊዜ ይዟቸው መኪናዋን ተደግፈው ይንፈራገጡ ነበር። መሪጌታ ውርጭ ከሣሩ ላይ እየጠረጉ አፋቸውን ተጉመጠመጡ። «እኔ አልበላሁም» አሉ ለራሳቸው ፍርድ ሲሰጡ። «ተቀባሁ እንጂ። የገደፈችው መኪናዋ ናት።»

ግን የጉና ጫፍ መቅላት ጀምሮ ነበር። አብዱልቃድር ክዳኗን አውልቆ በቤንዚን አጠባት፣ በሐጂ መሐረብ አደረቃት፣ ከኪሱ ብልቃጥ አንዲት ጠብታ ዘይት አንጠበጠበባትና መለሳት። በየስርቻው የቀረውን ቅቤ ለመጥረግ ጊዜ አልነበረም። ፈንታሁን ሞተሩን ሲያስነሣ እሜቴ አንድ ጊዜ አስነጠሰችና፣ ዳገቱን እንደ ጉብል ተያያዘችው። ታፍና የኖረች ሴት ነፋስ ስታገኝ እንዲህ ነው የምትሆነው። መንገድ ላይ ሐጂ አንድ ነገር አሳሰቡ። ቅቤው ማስተዋል አባቷ ሳያውቁ የሰጠችው ነው፤ ሳይታጩ ስጦታ መቀባበል ቢሰማ ለልጅቱ ኀፍረት ነው፣ ለነገሩም መጨረሻው ነው። ስለዚህ ስለ ቅቤ ትንፍሽ የሚል እንዳይኖር ተባባሉ። ፈንታሁንም ማለ።

ሲደርሱ አቶ ሙላቴ የበረቱን መዝጊያ ይዘው ቆመዋል። የመጀመሪያዋ ላም አንድ እግሯን አውጥታለች። እሜቴ ከላሟ ፊት ለፊት መጥታ ቆመች፤ ሁለቱ ተያዩ። አቶ ሙላቴ ፀሐይዋን አዩ፣ መኪናዋን አዩ፣ ላሟን ወደ ውስጥ መለሷት።

«ደርሳችኋል» አሉ፤ ጥርስ እንደሚነቀልበት ሰው።

ሽማግሌዎቹ በወጉ መሠረት ሳይቀመጡ ቆሙ። ፈንታሁን ከመሪው ጀርባ ተቀበረ፤ ያ የማይዘጋ በር ግን እያንዳንዱን ቃል ያስገባለታል። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ በግዕዝ ጀመሩ፣ ወደ አማርኛ መለሱ፣ ስለ ዘር፣ ስለ ጎጆ፣ ስለ ጥር ወር በሚያምር ቃል ሄዱበት። አቶ ሙላቴም ቀስ በቀስ ፊታቸው እየፈታ ነበር። ድንገት አንድ እርምጃ ጠጋ አሉ። ደግሞ ጠጋ አሉ። የማለዳዋ ፀሐይ መሪጌታ ጢም ላይ አርፋለች፤ ጢሙም እንደ መስተዋት መልሶ ያበራል።

«መሪጌታ፣ ወሩ ማን ነው?» አሉ አቶ ሙላቴ።

«ታኅሣሥ።»

«ጾም ነዋ።»

«ጾም ነው።»

«ታዲያ ከጢምዎ ላይ የሚንጠባጠበው ምንድን ነው?»

በቅኔ የማይረቱት ሰው መሬት መሬት አዩ። ሐጂ ሐሰን ሳል ያዛቸው፤ አብዱልቃድር ጎማ የሚመረምር መሰለ። አቶ ሙላቴ ፊታቸውን አዙረው፣ ቄሱም ገበሬውም እኩል የሚጾመውን ጾም በጧቱ የገደፈ ሽማግሌ እኔ ደጅ አይቆምም፣ መንገዱ ያውላችሁ ሲሉ ፈንታሁን ሰማ።

ዝም ቢል ምስጢሩ ይጠበቅ ነበር፤ የኔታ ግን በሽምግልናቸው ተዋርደው ይሄዳሉ፣ ነገሩም እንደሆነ አብቅቷል። ቢናገር ማስተዋልን ያጋልጣታል። ዕድሜ ልኩን ሳይጠየቅ የተናገረ ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ለመክፈት ፈራ። ከዚያ ጋቢውን ገለጠና ወረደ።

«አባቴ» አለ ጎንበስ ብሎ። «መሪጌታ ጾም አልገደፉም። መኪናዋን በቅቤ የቀባኋት እኔ ነኝ። ተዘግታ እምቢ ስትል እሳቸው ሊረዱኝ ነፉላት፣ አፋቸው ውስጥ ገባባቸው። ቅቤው ደግሞ ከዚሁ ቤት የወጣ ነው። ማስተዋል ናት የሰጠችኝ። ሊቆጡ ከሆነ እኔን ይቆጡኝ።»

በረቱ ውስጥ አንዲት ጥጃ ጮኸች። አቶ ሙላቴ ወደ መኪናዋ ሄዱ። አብዱልቃድር ኮፈኗን ከፈተላቸው። ጣታቸውን ወደ ስርቻው ሰደዱ፣ አወጡ፣ አሸተቱ፣ ወደ ፀሐይ አንሥተው አዩት።

«ይህ የላሜ የዳልቻዬ ቅቤ ነው» አሉ።

በማለዳ አባቷ ቤት የመጣችው ማስተዋል ነገሩን ከቤቱ በር ሥር ቆማ ትሰማ ነበር። አባቷ ዞር ሳይሉ ጠሯት፤ መጣች፤ ፀጉሯን በሻሽ እንዳሰረች፣ እጇን አጣምራ።

«ሰጥተሽዋል?»

«ሰጥቼዋለሁ አባባ።» ከዚያ ፈንታሁንን አየችው፤ ዓይኗ ውስጥ እሳትም ሳቅም ነበር። «እኔ ለእሱ ነው የሰጠሁት። ለባልቴቷ አይደለም።»

አቶ ሙላቴ ጣታቸውን በኮፈኗ ላይ ጠረጉ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሽማግሌዎቹ ቁጣ መስሏቸው ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አፈገፈጉ፤ ግን ሳቅ ነበር፤ ከብዙ ጊዜ ወዲህ ስላልተሣቀ ዝጎ የሚወጣ ሳቅ።

«ቅቤ አንጓች ነው ሲሉኝ» አሉ እያቆራረጡ፣ «በምላሱ መስሎኝ ነበር እኮ።»

ከዚያ ሳቃቸውን ገታ አድርገው መኪናዋን ዞሩ። ጎማዋን በእግራቸው ነካ አደረጉ። የሚከፈተውን በር አግኝተው ገቡና ከሹፌሩ ጎን ተቀመጡ። ወንበሩ ሲንሰጠሰጥ ፊታቸው ላይ የልጅነት ብርሃን የሚመስል ነገር መጣ። ሽማግሌዎቹ አቶ ሙላቴ እስኪወርዱ ጠበቁ። አልወረዱም። እስከ ገሳይ አደባባይ ደርሰን እንመለስ አሉ፤ ፈንታሁን እየነዳ ደርሰው ተመለሱ፤ አደባባዩን ሦስት ጊዜ እየዞሩ ለሚያውቁትም ለማያውቁትም እጅ ነሡ። ሲመለሱም አልወረዱም። ስለዚህ መሪጌታና ሐጂ በመስኮቱ በኩል እያጎነበሱ፣ ስለ ጥሎሽ፣ ስለ ዳስ፣ ስለ ሠርጉ ቀን ተነጋገሩ፤ በደብረ ታቦር አውራጃ ታሪክ በመኪና መስኮት የተፈጸመ የመጀመሪያ ሽምግልና ሳይሆን አይቀርም። ከብቶቹ ጠባቂ አጥተው በራሳቸው ፈቃድ ወጥተው ሄዱ።

«ጥር ሲጋመስ ይሁን» አሉ አቶ ሙላቴ በመጨረሻ፣ እጃቸውን ዳሽቦርዱ ላይ እንዳደረጉ። «ልጄን መርቄ ሰጥቻለሁ። ሙሽራዋ ግን በዚህች መኪና አትሄድም።»

ፈንታሁን ደነገጠ። እንደገና ብትቆም ያስነሣታል፣ መተንፈሻዋ ተስተካክሏል፣ ዘይት ይገዛል፣ ቅቤ ሁለተኛ አይነካትም ብሎ ሲዘረዝር አቶ ሙላቴ በእጃቸው ዝም አሰኙት።

«መቆሟን አይደለም እኔ የምልህ» አሉ። «ከሹፌሩ ጎን ያለው ይህ አንድ ወንበር ነው። እኔ ደግሞ ተቀምጬበታለሁ።»